«አደራ» የሚባለው ፎልደር

ጥቅምት 3 ቀን 2009

…ከዚያ ሽማግሌው ፍላሹን ከእጄ ተቀብለው ወደ መብራቱ አነሱት፤ ውስጡ ያለውን በዓይናቸው የሚያዩት ይመስል። «ታዲያ አሁን ባዶ ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። የሞተው ልጃቸው ፎቶ ነበረበት። «ባዶ ከሆነ ለምን አልቀለለም?» አሉኝ። ቀልድ ይሁን ጥያቄ እስካሁን አላውቅም።

ጋሼ ሰብሐት ይባላሉ። አምና ነው። ዛሬ ለምን ትዝ አሉኝ? መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ የሚያሰማው ድምፅ ይሆናል፤ ትንፋሹን ይዞ ቆይቶ እንደሚለቅ ሰው።

ሱቁ የጋሽ ጠይብ ነው። ፊት ለፊት ሎዛ ባንኮኒው ላይ፤ ከኋላ፣ ከላሜራው በር ወዲህ፣ እኔና ማሽኑ። ሰው ፍላሹን ትቶ ገበያውን ሊገበይ ይሄዳል፤ ሲመለስ ተሞልቶ ይጠብቀዋል። ፊልም፣ ዘፈን፣ መዝሙር፣ መንዙማ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ መርካቶ በሙሉ እኛ ጋ የመጣ ይመስላል። ጋሽ ጠይብ ደስ ብሎታል፤ ደስ ማለቱ ግን ያስፈራዋል። «መንዙማውን ከመዝሙሩ እንዳትቀላቅልብኝ» ይለኛል፤ «ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ይመጡብኛል፣ ወላሂ።»

ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፋይል የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ግን አልጻፍኩትም፤ ከኢንተርኔት ያወረድኩት ላይብረሪ ነው፣ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ኮድ። የማሽኑ የራሱ ትእዛዞች ድርቅ ያሉ ናቸው። የሌለ ፎልደር ውስጥ አስቀምጥ ሲሏቸው «የለም» ብለው ይቆማሉ። ይህ ላይብረሪ ግን ቸር ነው። ፎልደሩ ከሌለ ፈጥሮ ያስቀምጣል። ፎልደርን ከነሆድ ዕቃው ይቀዳል። ባዶ አድርግ ካሉት ባዶ ያደርጋል፤ አይጠይቅም። የጋሼ ሰብሐትን ፍላሽ ያራገፈው እሱ ነው። እሱ ስል እኔ ማለቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ። ፍላሹን ከማራገፉ በፊት የነበረበትን ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ይቀዳል፤ «አደራ» የሚል ፎልደር ውስጥ፣ በደንበኛው ስም። ሎዛ የባለቤቱን ስም ትጽፋለች፣ ላይብረሪው በዚያ ስም ፎልደር ይፈጥራል። ሰው ዕቃዬ ጠፋ ብሎ ቢመጣ እመልስለታለሁ። ለማንም አልነገርኩም። ለደግ ነው። ለደግ ብዬ ነው።


ጥቅምት 6

ወረፋ። ምሳ አልበላሁም። ሁለት ወታደሮች ሱቁ በር ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ በኋላ ፍላሻቸውን አውጥተው የአገር ቤት ዘፈን አስሞሉ። ሎዛ ምርቃት ጨምራላቸዋለች። ሲሄዱ ጋሽ ጠይብ ወንበር ላይ ተቀመጠ።


ጥቅምት 9

አንድ ሸቀጥ ሻጭ ወጣት ባንኮኒውን ተደግፎ፦ «እናንተ፣ ‹አደራ› የሚባለው አዲስ ድራማ ነው እንዴ? ክፍል አንድ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።»

ሎዛ ሳቀች። ወደ እኔ ጮኸች፦ «ደሜ! ‹አደራ› የሚባል ድራማ አለን እንዴ?»

የለም አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር መሰለኝ።

ከዚያ አየሁት። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

የ«አደራ»ን አድራሻ ከመነሻው ጀምሬ አልጻፍኩትም። «አሁን ካለህበት ቦታ» ብዬ ነው የተውኩት። ሰነፍ ሰው የሚጽፈው ነው። ፕሮግራሙን ሁልጊዜ የማስነሳው እኔ ስለሆንኩ፣ ከራሴ ቦታ ስለማስነሳው፣ ችግር አልነበረም። ለክፉ ቀን ግን ማስነሻውን ለሎዛ አስቀምጬላት ነበር፤ እንዳትቸገር ብዬ ጠዋት ጠዋት የምትከፍተው «አዲስ የገባ» የተባለው ፎልደር ውስጥ። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምሳ ወጥቼ ነበር። አስነሳችው። ፕሮግራሙ ዓይኑን የገለጠው «አዲስ የገባ» ውስጥ ነው። ዙሪያውን ሲያይ «አደራ» የሚባል ነገር የለም። ድርቁ ትእዛዝ ቢሆን «የለም» ብሎ ይቆም ነበር፣ ሎዛም ትደውልልኝ ነበር። ላይብረሪው ግን ቸር ነው። እዚያው ፈጠረው።

«አዲስ የገባ» ደግሞ ምርቃት ነው። የጋሽ ጠይብ ደንብ ነው፤ ነጋዴ ያለ ምርቃት አይሸኝም ይላል። ማንም ምንም ያስሞላ፣ «አዲስ የገባ» ይጨመርለታል።

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ የአንዱን ሰው ዕቃ ለሌላው ስንመርቅ ሰነበትን። ከነስማቸው።

የጠሂራ የልጆች ፎቶ። የሃብታሙ የመኪና ወረቀት። የአንድ ሰው ሠርግ። እና «ጫልቱ»።


ያው ዕለት፣ ማታ

ጫልቱን አውቃታለሁ። ሸማ ተራ፣ እትዬ ወርቅዬ ጋ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች። የእሷ ፎልደር ውስጥ፣ ለደንበኛ ከምታሳያቸው የነጠላ ፎቶዎች መሃል፣ አንድ ቪዲዮ አለ። አገር ቤት፣ የጎረቤት ቀብር። ሰው ብዙ ነው፤ አቧራ አለ። ምስሉ ይወዛወዛል። ከስልኩ ጀርባ የራሷ ድምፅ «ገመዳ! ገመዳ!» ብላ ትጣራለች። ወንድሟ ዞር ይላል። መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ እህቱ ስለሆነች። ከዚያ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ ያጣምራል። አሁን በአዋጁ የተከለከለውን የተቃውሞ ምልክት። ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል። በጉንጩ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር።

ይኼው ነው። ከዚያ ቪዲዮው ያልቃል።

ከሰርቨሩ አስወገድኩት። አድራሻውን ከመነሻው ጀምሬ ጻፍኩ፤ አንድ መስመር ናት። አዲሱን «አደራ» ወደ ቦታው መለስኩት። ሁሉም ትክክል ሆነ። የወጣውን ግን ላይብረሪው አያውቀውም። በሰው ኪስ ውስጥ ነው ያለው፤ በሚኒባስ፣ በየቡቲኩ፣ ወደ ክፍለ ሀገር በሚሄድ ጭነት ላይ።


ጥቅምት 10

መመሪያውን ማንበብ ፈለግኩ፤ ኢንተርኔት የለም። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ያለውን የላይብረሪውን ኮድ ራሱን ከፍቼ አነበብኩ። የጻፉትን ሰዎች አላውቃቸውም፤ ጠንቃቆች ናቸው። አንድ ነገር አየሁ፤ ከዚህ በፊት አላስተዋልኩትም። አስወግድ የሚለው ትእዛዝ፣ የሚወገደው ነገር ካልነበረም ምንም አይልም። ኖሮ ጠፋ፣ ወይስ ከመጀመሪያውም አልነበረም፣ መልሱ አንድ ነው። ዝምታ። እንዲያ ተብሎ የተጻፈው ሆን ተብሎ ነው። ለሚሠራ ሰው ይመቻል።

ነገ ለጫልቱ እነግራታለሁ። ወንድሜን ለትንሽ ጊዜ ወደ አገር ቤት ልላከው ትላለች፣ ይሄዳል፣ አለቀ።


ጥቅምት 11

ወረፋ። አልተመቸኝም።


ጥቅምት 13

ሄድኩ። የገና በዓል ሩቅ ቢሆንም ሸማ ተራ ሞልቷል። ጫልቱ ከነጠላዎቹ መሃል ብቅ አለች።

«እንዴ ኢንጂነር! ማሽኑን ትተህ ፀሐይ ላይ ትወጣለህ?»

«ለእናቴ ነጠላ ፈልጌ» አልኩ። ያላሰብኩት ነበር። አፌ ነው ያሰበው።

እትዬ ወርቅዬ ከጥግ፦ «እናቱን ያስታወሰ ወንድ! ጫልቱ፣ ለዚህ ልጅ ቀንሺለት።»

ጫልቱ አንዱን ዘረጋችልኝ፤ ጥለቱ ቡናማ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ወርቃማ መስመር ያለው። «ይሄን የሠራው ሰውዬ በዓይኑ አያይም ማለት ይቻላል» አለች። «በጣቱ ነው የሚቆጥረው።» ጣቷን በጥለቱ ላይ ሄድ መለስ አደረገችው።

ያን ጊዜ ገመዳ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ መጣ፤ ሸማ ተራ የተሸካሚነት ሥራ ነው የያዘው። ከሸክሙ ሥር ሆኖ «መንገድ! መንገድ!» ይላል። አወረደው። ላቡን በክርኑ ጠረገ። ጉንጩ ላይ ያችው ጠባሳ። ሰላም አለኝ፤ «አንተ ነህ እንዴ ፍላሽ የምትሞላላት? ያንን የህንድ ፊልም ቀሪውን ክፍል አምጣልን እንጂ፣ ልጅቷን መኪና ውስጥ ትተናት መጣን።»

ሳቅን። ሦስታችንም ሳቅን።

በሰው መሃል እንዴት ይነገራል? እትዬ ወርቅዬ ትሰማለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። ጫልቱ ነጠላውን አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከታ አፉን ቋጠረችልኝ። «እንዳይቆሽሽ፣ ለእናትህ እስኪደርስ አትፍታው።»

ፌስታሉን የሥራ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ።


ጥቅምት 15

አማኑኤል የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ከፊት ሁለት ወጣቶች በአንድ ስልክ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ድምፁን ዝቅ አድርገውታል። ሰማሁት ግን። «ገመዳ! ገመዳ!»

ከመድረሴ በፊት ወረድኩ። በእግሬ ሄድኩ።


ጥቅምት 17

እውነት እሱ ቪዲዮ ይሁን አላውቅም። ገመዳ የሚባል ሰው ብዙ ነው። በጫጫታ ውስጥ ሰው የሚፈራውን ይሰማል። እትዬ ውባንቺ፣ የቤት አከራዬ፣ «ምነው ልጄ ከሳህ፣ ማታ ማታ የምትጽፈው ነገር ነው ዓይንህን የሚበላው» አለችኝ። የሥራ ነው አልኳት።

ማሽን ለዚህ ነው የምወደው። ማሽን ሲጠየቅ ወይ ያደርጋል ወይ አያደርግም።


ጥቅምት 21

ጋሽ ጠይብ ወደ ኋላው ክፍል ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገ። ይህን አድርጎ አያውቅም።

«አንተ ልጅ፣ በፍላሽ የሚዞር ነገር አለ ይላሉ። ከቀብር የተቀረጸ። ከኛ ነው እንዴ የወጣው?»

«ጋሼ፣ መርካቶ ውስጥ ፍላሽ የሚሞላው ሱቅ ስንት ነው?»

አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱም አይተኛም ማለት ነው። ከዚያ እንዲህ ማለቴ ለእሱ ትልቅ ስጦታ እንደሆነ ተረዳሁ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «ልክ ነህ። ስንት ሱቅ አለ።» ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወጣ።

አልዋሸሁም። ጥያቄ ነው የጠየቅኩት።


ጥቅምት 22

ለጫልቱ ስልክ ደወልኩ። አነሳች። የህንድ ፊልሙ ቀሪ ክፍል መጥቷል አልኳት። «ውይ፣ ገመዳ ይሞታል በደስታ» አለች። በስልክ ደግሞ ሌላውን ነገር መናገር አይቻልም፤ ስልክ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።


ጥቅምት 27

ጠዋት አንድ ሰው መጣ። ጨዋ ሰው። መፋቂያ ያኝካል። መዝሙር ላስሞላ አለ። ሎዛ ስም ስትጠይቀው «ዝም ብለሽ ‹እንግዳ› በይው» አላት፤ ሳቀች። ከዚያ ኋላ ክፍል ገብቶ ሥራውን ማየት እንደሚወድ ተናገረ። አስገባችው። ማን እምቢ ይላል?

አጠገቤ ቆመ። ስክሪኑን ሳይሆን ክፍሉን ነበር የሚያየው።

«ፕሮግራሙን አንተ ነህ የሠራኸው? ጎበዝ። ‹አደራ› የሚለው ፎልደር ግን ምንድን ነው?»

«አሁን የለም።»

«አሁን የለም» ብሎ ደገመው፤ እንደ ግጥም። «ጫልቱ የምትባል ደንበኛ አላችሁ?»

«ጫልቱ ብዙ ናት።»

ሳቀ። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «እውነትህን ነው። ብዙ ናት።»

ያ ነበር። በቃ ሌላ አልጠየቀኝም። ደንበኛ ስለመሆኗ አዎ አላልኩም። እንዲያውም ጀርባዬ ላይ ያለው ላብ መድረቅ ጀምሮ ነበር፤ የመጣ ሳቅ ታግሎኝ ነበር። ወደ ሚስማሩ ቀና አለ።

«ጥሩ እጅ ነው» አለ። በፌስታሉ ውስጥ ጥለቱ ይታያል። «ለእናትህ?»

«አዎ።»

«እናቶች ነጠላ ይወዳሉ። እኔም ለእናቴ ለገና ልገዛ አስቤ ነበር፤ እነዚህ ሻጮች ግን ያታልላሉ። የት አገኘኸው?»

«እዚሁ ሸማ ተራ። እትዬ ወርቅዬ ጋ።»

«አይወደድባትም?»

«ልጅቷ ትቀንስልዎታለች።»

አመሰገነኝ። ፍላሹን ተቀብሎ ከፍሎ ሄደ።

ስለ ነጠላ ነው ያወራነው። ቃል በቃል ደግሜ አስቤዋለሁ። ስሟን አልጠራሁም። እናት ያለው ሰው ነጠላ ይገዛል።


ጥቅምት 28

አልሄድኩም። ሸማ ተራ ብሄድ፣ እየተከተሉኝ ከሆነ፣ እኔው ነኝ የማደርሳቸው። ይህ ማሰብ ነው እንጂ ፍርሃት አይደለም።


ኅዳር 2

ሎዛ ከውጭ ገብታ የእጅ ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ ጣለች።

«ሸማ ተራ አንድ ተሸካሚ ወሰዱ አሉ። ልጅቷን ሊያናግሩ ነው የመጡት፤ እሱ ጣቃውን እንደተሸከመ ደረሰ። አውርደው ሲሉት ‹የሰው ዕቃ ነው፣ ቦታው ላይ ላድርስ› አላቸው አሉ። አድርሶ ተመልሶ መጣ። ራሱ መጣ፣ አስበው። እኔ ብሆን ከነጣቃው እሮጥ ነበር።»

«የት ወሰዱት?»

«ማን ይናገራል? እህቱ ከአንዱ ፖሊስ ጣቢያ በር ወደ ሌላው ስትሄድ ‹እንዲህ ያለ ሰው እኛ ጋ የለም› ይሏታል።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ደሜ፣ ያ ‹አደራ› የሚሉት… የዚያን ቀን ማሽኑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ አይደል? አንድ ነገር ነክቼ ይሆን?»

«ምንም አልነካሽም» አልኳት።

ይህን ስል በጣም ደግ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ፊቷ ሲበራ አየሁት። ቀጥዬ «የነካሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ነበር።


ኅዳር 7

ገመዳ የሰው ዕቃ ቦታው ላይ ላድርስ ብሎ አደረሰ።


ኅዳር 12

ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን እንዲህ ነው፤ ሁሉም የዓመቱን ቆሻሻ በየደጁ ያነዳል፣ በሽታ እንዳይገባ። እትዬ ውባንቺ አሮጌ ፍራሽ አውጥታ ለኮሰች። «ያለህን አምጣ ልጄ፣ ቤትህን አጽዳ» አለችኝ። ክፍሌ ገብቼ ዙሪያዬን አየሁ። የሚቃጠል ነገር የለኝም። የእኔ አይቃጠልም።

ሱቅ ሄድኩ፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከሰርቨሩ ላይ «አደራ»ን በሙሉ አስወገድኩ። የሁሉንም። የጠሂራን ልጆች፣ የማላውቀውን ሠርግ። ላይብረሪው ምንም አላለም። እርግጠኛ ለመሆን ያንኑ ትእዛዝ ደገምኩት። ምንም አላለም። ደገምኩት።


ኅዳር 15



ከሰዓት በኋላ ጫልቱ መጣች። ሎዛ ልታቅፋት ተነሳች፤ ጫልቱ አላየቻትም። በቀጥታ ወደ እኔ ገባች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማለች፤ ከመንገድ የመጣች ትመስላለች። ፍላሿን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ኢንጂነር፣ ይሄን አጥፋልኝ። ያለውን ሁሉ። ማንም መልሶ እንዳያወጣው አድርገህ።»

«እሺ።»

«እኔ ነኝ ጉዱን ያመጣሁበት። ለአንዲት ልጅ አሳይቻት ነበር፣ ምሳ ሰዓት ላይ። ‹አገራችሁ ምን ይመስላል› ብላኝ። እሷ ቀድታው መሆን አለበት። ሌላ ማን እጅ ገባ? ማንም።» ልጅቷን መምታቷን ነገረችኝ። በአደባባይ፣ ሰው ፊት። ልጅቷ ሥራ ለቃ ሄዳለች። «ስትምል አላመንኳትም» አለች።

ፍላሹን ሰካሁ። ስሟን መጻፍ አላስፈለገኝም። የህንዱ ፊልም ቀሪ ክፍል እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተቀምጧል፤ ልሙላላት እንዴ ብዬ አሰብኩ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያስባል ሰው። ባዶ አድርግ አልኩት። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው።

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

«ምንም አላለም እኮ።»

«ዝም ካለ ጠፍቷል ማለት ነው።»

«ባይኖርበትስ? ከመጀመሪያውም ባይኖርበትስ ምን ይላል?»

አፌን ከፈትኩ። ስለ ላይብረሪው ልነግራት ነበር፤ ከእሱ ልጀምርና ወደ ሌላው ልደርስ ነበር። «ጫልቱ» አልኩ። ቀና አለች። እኔን አልፋ አየች፤ ግድግዳውን፣ ሚስማሩን። ፌስታሉን።

«ለእናትህ አልላክህላትም?»

«የሚሄድ ሰው አላገኘሁም።»

ሄዳ በጣቷ ነካችው። ቋጠሮው ራሷ እንደቋጠረችው ነበር፤ አልተፈታም። ረጅም ጊዜ ያዘችው፤ ጥለት የምትቆጥር ይመስል።

«ያ መፋቂያ የሚያኝከው ሰውዬም ለእናቴ ነው ብሎ ነው የመጣው» አለች። «እትዬ ወርቅዬ ነች የነገረችኝ። ‹ያቺ ዋጋ የምትቀንሰው ልጅ የታለች?› ብሎ።»

ፌስታሉን ለቀቀችው። አልዞረችም። የሰርቨሩ ማቀዝቀዣ ይሽከረከራል። ከወንበሬ ተነሳሁ ወይም ልነሳ ነበር፤ እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ፍላሿን ሳትወስድ ወጣች። የላሜራው በር ተዘጋ።